ጉልበት ያለው ጠረጴዛ

በረዶው የሱቄን መስኮት እስከ ወገቡ ውጦ፣
ቺሆ ገባች፤ ሻርፗ ላይ የመጋዝ ዱቄት ተቀምጦ።
«ሮንዴላ ስጠኝ፣ ስምንት፤ ዳዶም እንደዚያው ስምንት፣
ሞላም ጠንከር ያለ፤ የትናንቱ ተሸነፈ ሌሊት።»

እኔ ኦኩዳ፣ ብሎን ሻጭ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፣
ሰው በልቡ ያለውን በሚገዛው ብረት ነው የማውቀው።
ለአልጋ የሚሄድ፣ ለበር የሚሄድ፣ መልኩ አይጠፋኝም፤
ይህ የሷ ግን፣ እውነቴን ነው፣ መልክ አልነበረውም።

በካርቶን ክዳን ላይ በእርሳስ ነድፋ አሳየችኝ፦
ሲያሻው ቁጢጥ የሚል፣ ሲያሻው የሚቆም፤ «ይኸው» አለችኝ።
«ዝቅ ሲል ሠላሳ አራት ሳንቲ፣ እንደ አባቴ የድሮ ገበታ፤
ከፍ ሲል ሰባ ሁለት፣ ለዊልቸሩ ክንድ የሚሆን ቦታ።»

ቶሚዞን ማን አያውቅም? ወለል ላይ ተቀምጠው የሚበሉበት
ገበታ ሲሠራ ኖሮ፣ አሳሂካዋን ግማሿን ያስቀመጠበት።
ባለፈው መከር ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ፣
ገበታው ወለል ላይ ቀረ፣ እሱ ወንበር ላይ ዋለ።
በሁለቱ መሀል ያለው ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር
ከዚህ እስከ ቶኪዮ ይርቃል፣ ሾርባ ይዞ ለሚሞክር።

የመጀመሪያው ከኮምፔንሳቶ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ተጠላልፈው፣
ሲነሣ ደህና ነበር፤ ሲቆም ግን ወገቡን ያዘው።
ሁለተኛው ጣቷን ነከሰ፤ ጥፍሯ ጠቆረ።
ሦስተኛውን አላየሁትም፤ በዚያው ቀን ለምድጃ ተዳረ።
አራተኛው እራት መሀል፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት፣
ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ ሾርባው ሽማግሌው ላይ ተደፋበት።
«አባቴ ሳቀ፣» አለችኝ፤ ድምጿ ግን የሳቅ አልነበረም፤
ሰው ፊት የሚስቅ አባት ሌሊቱን በዚያው አይስቅም።

«ማጠፊያ ማመን ይከብዳል፣» አልኳት፤ «ሰው እንኳ ቃሉን ያጥፋል፤
ብረት ምን ዕዳ አለበት፣ ሲደክመው ለምን ይቆማል?»
አልመለሰችልኝም። ዳዶዋን ቆጥራ ወጣች።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ምንም ሳትገዛ መጣች።
ስድስተኛው ፈርሶ ኖሮ፣ ወለሉ ላይ ብሎን ስትለቅም፣
አባቷ በግራ እጁ ጠራት፤ ምላሱ ገና አይፈታም።
የሱሪውን እግር ሰብስቦ ደህናውን ጉልበት አሳያት፣
ቀጥ አድርጎ ዘረጋው፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ገፋላት።
«አ... አለፍ፣» አለ። አንድ ቃል። ግንባሩ በላብ ራሰ።
ቺሆ አየች፤ አየች፤ ነገሩ ቀስ ብሎ ደረሰ።

ቆሞ የሚውል ሰው ጉልበቱ ልክ ቀጥታው ላይ አይቆምም፣
ትንሽ ያልፈዋል መስመሩን፤ ካለፈ ክብደት አያጥፈውም፤
ሸክሙ ራሱ ይቆልፈዋል፤ ሊጥልህ የነበረው፣
ሁለት ሚሊ ሜትር ስትሻገር፣ ምሰሶህ እሱው ነው።

ሰባተኛው እንዲህ ተሠራ፦ እግሩ መሀል ማጠፊያ፣
ማጠፊያው መስመሩን ሲያልፍ ከላሜራ ትንሽ ማረፊያ፣
ከጠርዙ ሥር አንዲት ምላስ፣ በአንድ ጣት የምትሳብ፣ በግራ፤
ሞላ ቀጭኑ በቃው፤ ወፍራሙን መለሰችልኝ፣ የኔ ኪሳራ።

እሑድ ጠሩኝ። ሄድኩ፤ ዕዳ ላስታውስ ሳይሆን ልነቀንቅ።
ነቀነቅኩት፤ አንድ ጥጉ አሁንም ትንሽ ይላል ንቅንቅ።
ከፍ ብሎ ቆሟል፣ የዊልቸሩን ክንድ ሥሩ አስገብቶ፤
ቶሚዞ ከስንት ወር በኋላ ሳህኑን ፊቱ አይቶ።
ናጊ ግን፣ የቺሆ ልጅ፣ የሣር ምንጣፉ ላይ ተኝታ
ዓሣ ትስል ነበር፤ እርሳሷ ወረቀቱን ይበሳል በየቦታ።

ሽማግሌው አያት። ሳህኑን ጭኑ ላይ ሰበሰበ፤
ማንም ሳይጠይቀው፣ በግራ ጣቱ ምላሷን ሳበ።
ጠረጴዛው ተነፈሰ፤ ተንበረከከ ለልጅቷ፤
ቀና እንኳ አላለም አንገቷ፤ ዓሣው ይበልጣል ከአያቷ።

ቺሆ ከማድቤት ብቅ አለች፤ ፎጣ በእጇ፣ ቃል የላት፤
ለማንሣት ነበር የደከመችው፤ እሱ ዝቅ አደረገላት።

«ጉልበት ከዳው» ያልነው ሰው ጭኑ ላይ ሩዙን ይበላል፤
ያ ጥግ ግን፣ ልጅቷ ስትደገፍ፣ አሁንም ይነቀነቃል።
አንዲት ሮንዴላ ኪሴ ነበረች፤ ሥሩ አስገባኋት።
መዝገብ ላይ ዛሬም የለችም።
                    ስንት ብዬ ልጻፋት?